ድንጋዩ ላይ ስለበቀለው ነገር እና ስለወደቀው ኮራላችሁ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ባለፉት ወራት ብዙዎቻችሁ የመጀመሪያ የጨው ውሃ አኳሪየማችሁን ከእኛ ወስዳችኋል። በጣም እናመሰግናለን። ከዚያ ወዲህ ስልካችን እረፍት የለውም፤ የምትደውሉት ደግሞ በአብዛኛው በሁለት ነገር ነው። አንዱ «ድንጋዩ ላይ የማላውቀው ነገር በቀለብኝ» ነው። ሌላው «ጠዋት ስነሳ ኮራሌ አሸዋው ላይ ተደፍቶ አገኘሁት» ነው። በስልክ በጥድፊያ የምንነግራችሁን ረጋ ብለን ብንጽፈው ይሻላል አልን። እዚህ ሜሪላንድ ስለ ኮራል (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ስለሚኖረው የባሕር እንስሳ) የሚነበበው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ታንኩን የገዛው ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ግን ውሃውን የሚቀይሩት እናትና አባት ናቸው። ለዚህ ነው በአማርኛ የጻፍነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልን። አዲስ ነገር ስታዩ ቶሎ እጃችሁን አትስደዱ። እዩት፣ ፎቶ አንሱት፣ ምን እንደሆነ እወቁ። እስካሁን ካየነው ውስጥ ከተባዩ ይልቅ ተባዩን ለመግደል የተደረገው ጥድፊያ ብዙ ኮራል ጨርሷል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

በብዛት የሚያስደውላችሁ አይፕቴዢያ ነው። ቡናማ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽ አኒሞን፣ ማለትም የኮራል ዘመድ የሆነ ተናዳፊ የባሕር እንስሳ ነው። ግንዱ ቀጭን፣ አናቱ ላይ ክሮች የተበተኑበት፣ ልክ ትንሽ የዘንባባ ዛፍ የሚመስል። ጣት ስታስጠጉበት እልም ብሎ የድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። አጠገቡ ያለውን ኮራል ይናደፋል፣ ይባዛል። አንዲት ደንበኛችን 3 አይታ በቢላ ፋቀቻቸው፤ ድስት እንደሚፋቅ ሙልጭ አድርጋ። ከወር በኋላ ፎቶ ላከችልን፣ ስንቆጥር 23 ሆነዋል። ምክንያቱም ከእግሩ የቀረች ቁራጭ ሁሉ ራሷን የቻለች አኒሞን ትሆናለች። ስለዚህ አትፋቁት፣ አትቁረጡት፣ በወረንጦም አትጎትቱት።

ጥቂት ከሆኑ በካልክቫሰር ይሞታሉ። ይህ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፣ ንጹህ ኖራ በሉት፤ ለግንባታ የሚሸጠውን ኖራ ግን ታንክ ውስጥ እንዳትከቱ። ዱቄቱን በትንሽ ውሃ እንደ ወፈር ያለ ሊጥ አድርጋችሁ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ሙሉት። ጓንት አድርጉ፣ ያቃጥላል። ፓምፖቹን አጥፉ። አይፕቴዢያው እስኪዘረጋ ጠብቁና ሳትነኩት ቀስ ብላችሁ አፉን ሸፍኑት። 15 ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ፓምፑን መልሱ። በአንድ ቀን ከሦስት አራት በላይ አትሞክሩ፤ የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) በአንዴ ይወጣል፣ በትንሽ ታንክ ደግሞ ይብሳል።

ከበዙ የሚበላቸው ፍጡር ማስገባት ነው። ፔፐርሚንት ሽሪምፕ አንዳንዱ ጠራርጎ ይበላል፣ አንዳንዱ ዞር ብሎም አያይም፤ እውነቱን ለመናገር ዋስትና አንሰጥም። ካሜል ሽሪምፕ የሚባል መልኩ የሚቀራረብ ሌላም አለ፣ እሱ ኮራል ይበላል፤ ስትገዙ ለዩ። እኛ የምንወደው በርጊያ የተባለችውን ልስልስ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ከአይፕቴዢያ በስተቀር ምንም አትበላም። ሲያልቅባት በረሃብ ትሞታለች፣ ስለዚህ ሥራዋን ስትጨርስ አይፕቴዢያ ላላቸው ሰዎች አስተላልፏት፣ ወይም ለእኛ መልሱልን። ከፔፐርሚንት ሽሪምፕ ጋር ግን አብራችሁ አታስገቧት፣ ይበላታል።

ለምን እንዲህ እንደሚበዙ የሚገርማችሁ አላችሁ። ምጽዋ ያደጉ አንድ ደንበኛችን «ዳህላክ ላይ ስንዋኝ ይሄን ሁሉ ጉድ መች አየን?» ብለውናል። ልክ ናቸው። በቀይ ባሕር የኮራል ድንጋይ (ሪፍ) ላይ ትሉንም ቀንድ አውጣውንም ቀኑን ሙሉ የሚለቅም ዓሣ አለ። የእናንተ 40 ጋሎን ውስጥ ያ ዓሣ የለም፣ የተረፈ ምግብ ግን አለ።

ማታ መብራት ጠፍቶ በባትሪ ስታዩ ከድንጋይ ሥር የሚወጣው ፀጉራም ትል፣ ብሪስል ወርም የሚባለው፣ በአብዛኛው ወዳጃችሁ ነው። የተረፈ ምግብና የሞተ ነገር ይበላል። አንድ ሰው በሱ ደንግጦ ሙሉ ድንጋዩን አውጥቶ ጣለ። አዝነናል። በጣም ከበዛ የምትሰጡት ምግብ በዝቷል ማለት ነው፣ ቀንሱ። በባዶ እጅ ብቻ አትንኩት፤ ፀጉሩ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ከገባባችሁ በማጣበቂያ ፕላስተር ለጥፋችሁ ንቀሉት።

ዝገት የመሰለ ቀይ ቀለም ያላቸው ጥቃቅን ጠፍጣፋ ትሎች መስታወቱንና ኮራሉን ካለበሱ ግን ዝም አትበሉ። መድኃኒት አለው፣ ነገር ግን ትሎቹ ሲሞቱ መርዝ ይለቃሉ። መጀመሪያ የምትችሉትን ያህል በቀጭን ቱቦ ምጠጡና አውጡ። ለመቀየሪያ የሚሆን ውሃና አዲስ የማጣሪያ ከሰል አዘጋጁ። መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ያላደረገ ዓሣውን አጥቷል።

ድንጋይ ላይ የተተከለ ጠንካራ ቱቦ ሠርቶ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ክር የሚለቅ ቀንድ አውጣ ካያችሁ ቱቦውን ስበሩና አፉን በሱፐር ግሉ ድፈኑት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሸዋውን የሚሸፍነው ቡናማ ዱቄት ደግሞ ተባይ አይደለም። ዳያቶም የሚባል ጥቃቅን አልጌ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል።

አሁን ስለ መግቢያው በር። ተባይ ከሰማይ አይወርድም፣ ከኮራሉና ከድንጋዩ ጋር ነው የሚገባው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ኮራል ስትገዙ፣ ከእኛም ቢሆን፣ በቀጥታ አታስገቡት። በታንካችሁ ውሃ ባልዲ ሙሉ፣ የኮራል ማጠቢያውን ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩ፣ ለተባለው ደቂቃ ያህል ንከሩት። በመሃል በመምጠጫ ላስቲክ ውሃ እየገፋችሁ በየስንጥቁ እጠቡት። ባልዲው ነጭ ይሁን፤ ከሥሩ የሚራገፈውን ስታዩ ለምን እንደምንጨቀጭቃችሁ ይገባችኋል። በሌላ ባልዲ አለቅልቁት። የታጠበበትን ውሃ ታንኩ ውስጥ አትድፉ። ማጠቢያው ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። እንቁላሉ አብዛኛውን ጊዜ ኮራሉ በተተከለበት መቀመጫ ሥርና በሞተው አጥንት ላይ ነው። በጥርስ ብሩሽ ፍቁት፣ ከተቻለ መቀመጫውን ቆርጣችሁ ጣሉት። ከሳምንት በኋላ ድገሙት።

እዚህ ላይ ቆም በሉልን። ድንጋይ አትቀቅሉ። ተባይ ያለበትን ድንጋይ «የፈላ ውሃ ይጨርሰዋል» ብለው የጠየቁን አሉ። ዞአንቲድ እና ፓሊቶአ የሚባሉት እንደ አዝራር ክብ ክብ የሆኑት ውብ ኮራሎች ውስጥ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ኃይለኛ መርዝ ሊኖር ይችላል። ሙቀት አያጠፋውም፣ በእንፋሎቱ ቤቱን ይሞላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 በእንግሊዝ ኦክስፎርድሺር አንድ ቤተሰብ የአኳሪየም ኮራል ሲያጸዳ በዚህ መርዝ ተመትቶ፣ ሊረዷቸው የሄዱት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሳይቀሩ ሆስፒታል ገብተዋል። እነዚህን ኮራሎች ስትቆርጡ ወይም ስትፈትጉ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነፅር አድርጉ። ልጆችን አርቁ። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ጭራሽ አትንኩ። ከነካካችሁ በኋላ ትኩሳት፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ከመጣ ከቤቱ ውጡ፣ 911 ደውሉ፣ ኮራል ስትነኩ እንደነበር ንገሯቸው። ሐኪሙ ካልተነገረው በምን ያውቀዋል?

ወደ ወደቀው ኮራል እንመለስ። የሚጥለው ብዙ ጊዜ ቀንድ አውጣ ነው። ትልልቆቹ ቱርቦዎች ማታ መስታወትና ድንጋይ ሲግጡ ያገኙትን ሁሉ ይገፋሉ፣ የባሕር ጃርቱና ሸርጣኑም እንዲሁ። ሌላው ምክንያት የሚያንሸራትት ድንጋይ ላይ የተቀባ ሙጫ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ራሱ ድንጋዩ አሸዋ ላይ ሲቀመጥ ነው። አሸዋ የሚቆፍር ዓሣ ከሥሩ ይቦረቡረውና ክምሩ በሙሉ ይናዳል። ድንጋዩ የታንኩን ወለል ይንካ፣ አሸዋው በኋላ ዙሪያውን ይፍሰስ።

አጣባበቁ እንዲህ ነው። ሱፐር ግሉው ጄል ይሁን፤ ፈሳሹ ውሃ ውስጥ ይበተናል። የምትለጥፉበትን ቦታ በብሩሽ ፈትጉ። የኮራሉን መቀመጫ በጨርቅ አድርቁ፣ ጄል ቀቡ። የኮራል ኢፖክሲውን (ሁለት ክፍሉ ሲደባለቅ የሚጠነክረውን ማጣበቂያ) ቀለሙ አንድ እስኪሆን እንደ ሊጥ አሹና ጄሉ ላይ ለጥፉት። በላዩ ሌላ ጄል። ፓምፑ ጠፍቶ ድንጋዩ ላይ ተጫኑት፣ ትንሽ ግራና ቀኝ አዙሩት፣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ያዙት። ጄል ብቻውን ውሃ ውስጥ ቆዳ ያወጣል እንጂ በደንብ አይነክስም፤ ኢፖክሲ ብቻውን ደግሞ አይጣበቅም። ሁለቱ ሲደራረቡ ነው የሚይዘው። በዚያ ቀን የስኪመራችሁ (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው ማጣሪያ) አረፋ ሊገነፍል ይችላል፣ አትደንግጡ።

አጥንት የሌለውን፣ እንጉዳይ የሚመስለውን ማሽሩም ኮራልን ሙጫ አይይዘውም። ስብርባሪ ድንጋይ ያለበት ትንሽ ኩባያ ውስጥ አስቀምጡት፣ አፉን በመረብ ሸፍኑት፣ ውሃው ረጋ ያለበት ቦታ አኑሩት። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ራሱ አንዱን ድንጋይ ይዞ ታገኙታላችሁ።

ቶርች ወይም ሃመር የሚባለው ባለ ረጃጅም ክር ኮራል በአፍጢሙ ተደፍቶ ካገኛችሁት ሥጋውን አትያዙ። አጥንቱን ያዙ። ከውሃ ማውጣት ካለባችሁ እዚያው ውሃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ወዝወዝ እያደረጋችሁ ሥጋው እስኪሰበሰብ ጠብቁ፤ ተነፍቶ እያለ ብታወጡት በራሱ ክብደት ይቀደዳል። የተኛበት ኮራል ካለ እሱንም እዩት፣ ተነድፎ ይሆናል። እነዚህን ኮራሎች ከሌላ ዓይነት ጎረቤት ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቋቸው። ቡናማ ዝልግልግ ነገር ከለበሰና ከሸተተ በዚያው ሰዓት አውጡት፣ ዝልግልጉ ሌላው ላይ እንዳይበተን በቱቦ ምጠጡት፣ ከዚያ ደውሉልን።

በመጨረሻ ስለራሳችን። በዚህ ዓመት የሸጥናቸው አንዳንድ ኮራሎች መቀመጫቸው ሥር አይፕቴዢያ ነበረባቸው። ላይ ላዩን አይተን ሥሩን ሳናገላብጥ ሰጥተናችኋል። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። ከአሁን በኋላ ማንኛውም ኮራል ከድሮ መቀመጫው ተነቅሎ፣ ታጥቦ፣ አዲስ መቀመጫ ላይ ካልተተከለ ከሱቁ አይወጣም። ከእኛ በገዛችሁት ኮራል ላይ አይፕቴዢያ ያገኛችሁ ፎቶውን ይዛችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ኑ። በርጊያ በነፃ እንሰጣችኋለን። ስትመጡ ከታንኩ ውሃ አንድ ብርጭቆ በክዳን ዕቃ ያዙ፣ ጨውና አሞኒያውን እዚያው እንለካላችኋለን።