ስለዚያ 7,000 ዶላር

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? አንተ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከገባህ ወዲህ ፖቶማክ ወንዝ ቀይ ባሕር ሆነብን። ለእንቁጣጣሽ የላክልኝን አበባ ሰላምታ ብዬ አልቆጥረውም፤ ለስንት ሰው እንደተላለፈ ስልኩ ራሱ ይናገራል።

ባለፈው ሰሞን ልቅሶ ቤት ባለቤትህን አገኘኋት። እንዳትቆጣት፣ እኔ ነኝ ያስለፈለፍኳት። የእቁብ ተራህ ማርች ነበር አለችኝ። እሱን ተማምነህ ፌብሩዋሪ ላይ የ2025ን ታክስ ስታሠራ አይአርኤ በሚባለው የጡረታ ቁጠባ አካውንት 7,000 ዶላር አስገብተሃል ተብሎ ተጻፈ። ብሩ ደረሰህ፤ ግን እማማ ታመሙና አዲስ አበባ ሄደ። ኤፕሪል 15 አለፈ። ከታክሱ የተመለሰልህ ሪፈንድም ተበላ። አሁን የፖስታ ሳጥኑን እሷ ናት የምትከፍተው፤ አንተ አልፈኸው ትገባለህ አሉ።

እማማን እግዜር ይማርልን። ብሩስ ለእሳቸው ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?

ታክስ በነፃ በሚሠራበት በቪታ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ስለማገለግል ይህን ጉዳይ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ስማኝ። ወንጀል አልሠራህም። ገንዘቡ ሳይገባ፣ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢህ ላይ የሚቀነስልህን ቅናሽ አስቀድሞ መጻፍ የተፈቀደ ነው። የሚጠበቅብህ እስከ ኤፕሪል 15 ማስገባት ነበር። ቀኑ ሲያልፍ ግን ቅናሹ ያንተ መሆኑ ቀረ። የተነካው ነገር ይኸው ነው።

አንድ ሰው "አሁን አስገባና የ2025 ነው በላቸው" ብሎ መክሮህ ከሆነ አትስማው። ዛሬ የምታስገባው የ2026 ሆኖ ነው የሚመዘገበው። ለ2026 የተፈቀደው ደግሞ ዕድሜው 50 ላልሞላ ሰው 7,500 ዶላር ነው። ያለፈውንም የዘንድሮውንም ደርበህ ብትከት ከተፈቀደው በላይ በሆነው ላይ በየዓመቱ 6 በመቶ ይቀጡሃል፣ እስክታወጣው ድረስ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አጣራ። ማርች ላይ 1,000 ዶላር አስገብቶ ነበር ብላኛለች። ያ ገንዘብ ለየትኛው ዓመት ነው የተመዘገበው? ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ስታስገባ ዓመቱን ካልነገርካቸው የያዝነው ዓመት አድርገው ነው የሚቆጥሩት። ኦንላይን ገብተህ እየው። "2025" የሚል ከሆነ የ1,000ው ቅናሽ ይጸናል፤ የምትመልሰው የ6,000ውን ብቻ ነው።

ከዚያ 1040-X የሚባለውን የታክስ ማረሚያ ፎርም መሙላት ነው። አንደኛው ዓምድ መጀመሪያ የጻፍከው፣ ሁለተኛው ልዩነቱ፣ ሦስተኛው ትክክለኛው ነው። ምክንያት ሲጠይቅህ ታሪክህን አትተርክ። "ለ2025 ሊገባ የታሰበው የአይአርኤ ገንዘብ በጊዜው ስላልገባ ቅናሹ ተቀንሷል" በቂ ነው። የእማማን ሕመም ታክስ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ፣ አያስፈልገውም። ታክሱን አብራችሁ ስለምታስገቡ እሷም ትፈርማለች።

ስንት ይመጣብኛል ብለህ ሌሊት እንደምትቆጥር አውቃለሁ። ገቢያችሁ 12 በመቶ የሚከፈልበት ውስጥ ከሆነ የ7,000 ዶላሩ ቅናሽ ያተረፈላችሁ 840 ዶላር ነው። ያ 1,000 ከተቆጠረልህ 720 ይሆናል። በዚያ ላይ ከኤፕሪል 15 ጀምሮ የሚታሰብ ወለድ አለ። ከፎርሙ ጋር አብረህ ከከፈልክ በአብዛኛው የሚጨመርብህ እሱ ነው። በአንዴ ካልቻልክ በየወሩ መክፈል ይቻላል። አንተ ግን እኮ ቤቱን የሚወስዱብህ አስመስለኸዋል!

ቨርጂኒያንም አትርሳ። የፌዴራሉን ካስተካከልክ የስቴቱንም ማስተካከል ግድ ነው። እዚያ እስከ 5.75 በመቶ ይደርሳል፤ በ7,000 ላይ 400 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ሌላም የሚያያዝ ነገር አለ። የጤና ኢንሹራንሳችሁ መንግሥት በሚደጉመው በኦባማኬር ከሆነ ገቢያችሁ ከፍ ሲል መንግሥት የደጎማችሁ ሂሳብም ይለወጣልና 8962 የሚባለው ፎርም እንደገና ይሠራል። በቁጠባህ ምክንያት ከታክሱ ላይ የተቀነሰልህ ክሬዲት ካለም እንደገና ይሰላል። እነዚህ ብዙ ሰው የሚረሳቸው ናቸው፤ ኋላ ደብዳቤ የሚያስመጡትም እነሱ ናቸው።

ለምን ቶሎ እንደምልህ ልንገርህ። አካውንትህን የያዘው ድርጅት ምን ያህል እንደገባ በ5498 ፎርም ለአይአርኤስ ያሳውቃል፤ ሜይ መጨረሻ ገደማ። ስለዚህ ያንተ ወረቀትና የእነሱ ወረቀት እንደማይገጥሙ ለማወቅ ኮምፒውተር ይበቃል። ቸልተኝነት ነው ካሉ በጎደለው ታክስ ላይ 20 በመቶ ቅጣት ሊጥሉ ይችላሉ። እነሱ ሳይጠይቁህ ቀድመህ ካረምክ ግን ከዚያ ቅጣት ትድናለህ። ያልተከፈተ ፖስታ ወለዱን አያቆመውም፣ ወንድሜ።

ታክስ የሠራልህ ሰውዬ ነው ያናደደኝ። ቁጥሩን ሲጽፍ "ይህ ገንዘብ ገብቷል ወይስ ሊገባ ነው?" ብሎ መጠየቅ፣ ኤፕሪል ሲደርስ አንዲት መልእክት መላክ ምን ይከብደው ነበር? ክፍያውን ሲቀበል ግን ፈጣን ነው አሉ።

ለከርሞም አንድ ነገር ያዝ። አንተ ኡበር የምትነዳው በራስህ ስለሆነ ሴፕ የሚባለውን አይአርኤ መክፈት ትችላለህ። የታክስ ማስገቢያ ጊዜ ማራዘሚያ፣ ኤክስቴንሽን የሚሉትን፣ ከጠየቅክ ለሴፕ እስከ ኦክቶበር 15 ጊዜ ይሰጥሃል። ለተራው አይአርኤ ግን ኤክስቴንሽን ምንም አይጠቅምም፤ ኤፕሪል ላይ ያበቃል። እቁብህ ዘግይቶ የሚደርስህ ከሆነ ይህን አስብበት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለኝም። ያስገባኸውን የፌዴራል ታክስ ፎርም (1040) ሙሉ ኮፒ፣ የቨርጂኒያውን፣ የአካውንቱን ስቴትመንት ይዘህ ና። ፖስታዎቹንም ሳትመርጥ አምጣቸው። ባለቤትህም ትምጣ፣ ፊርማዋ ያስፈልገናል። ቅዳሜ ካልተመቻችሁ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይሁን፤ ብቻ ቀድመህ ደውልልኝ፣ ሽሮ እንዳሠራ።

ወንድምህ