ኔጌቲቭ ሲወጣ ወባ የለም ማለት አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ወባ ወቅት ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ኮምቦልቻ ብዙ ሰው በቴሌግራም ተቀባብሎታል። ለእኔም ከዘመድም ከሥራ ባልደረባም ደርሶኛል። ስለ አጎበር፣ ያቆረ ውሃ ስለማፋሰስ የጻፋችሁት ጥሩ ነው፣ እሱ ላይ የምለው የለኝም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። በጤና ኬላ በሚደረገው ፈጣን ምርመራ ኔጌቲቭ የወጣ ሰው ከወባ ነፃ ነው፣ ሌላ በሽታ ይፈለግለት የምትለዋ። እባካችሁ ይህችን አርሟት። እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ ከሐርቡም ከባቲ መንገድም ትኩሳት ይዞት የሚመጣ ሰው ደም በየቀኑ እጄ ላይ ነው፣ እና ይህችን ነገር አንብቦ ቤቱ የሚተኛ በሽተኛ እንዳለ ሳስብ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በብዛት የተለመደው የፈጣን ምርመራ ኪት ምን እንደሚያይ ልንገራችሁ። ወባውን ራሱን አያይም። የሚፈልገው ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ሰው የሚገድለው የወባ ዓይነት ደም ውስጥ የሚለቀውን ኤች አር ፒ 2 የሚባል ፕሮቲን ነው። ኪቱ ላይ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ፕሮቲኑን ካገኘ ይይዘዋል፣ ቀይ መስመር ይወጣል። ፕሮቲኑ ከሌለ መስመርም የለም። ቫይቫክስ ለሚባለው ለሌላው የወባ ዓይነት ደግሞ ፒ ኤል ዲ ኤች በሚባል ሌላ ፕሮቲን የሚሠራ የራሱ መስመር አለው። ደህና ነገር ነው ኪቱ፣ መብራትም ማይክሮስኮፕም በሌለበት ቦታ ስንቱን ሕይወት አትርፏል። ግን ፋልሲፓረምን በተመለከተ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ፕሮቲን ላይ ነው።

ያንን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን የወባው 8ኛ ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። በጣም የሚመስለው ኤች አር ፒ 3 ደግሞ 13ኛው ላይ አለ፣ ኪቱ አንዳንዴ በእሱም ይሞላለታል። ሁለቱንም ጂኖች የጣለ የወባ ተውሳክ ግን አለ። ይኖራል፣ ይራባል፣ ሰው ያንቀጠቅጣል፣ ኪቱ ግን አያየውም። መጀመሪያ የተዘገበው በ2010 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ከወደ ፔሩ፣ ከአማዞን ነው። ያኔ የሩቅ አገር ወሬ ይመስል ነበር። ቀጥሎ ጎረቤታችን ኤርትራ ውስጥ በዝቶ ተገኘ፣ እሷም በ2016 የምትጠቀምበትን ኪት ቀየረች።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ሥራውን የሠሩት የራሳችን ሰዎች ናቸው፣ ለዚህም ነው የሚቆጨኝ። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪው ስንደው መካሻ ፈለቀ ከአገር ውስጥና ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ድንበር አካባቢ ባሉ ወረዳዎች ከ12 ሺህ በላይ ሰው መርምረው፣ በ2021 ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡት። ባጠኗቸው ቦታዎች ከፋልሲፓረም ሕሙማን 10 በመቶ የሚጠጉት በጂኑ መጥፋት ምክንያት በኤች አር ፒ 2 ኪት እንደሚታለፉ ገመቱ። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ 5 በመቶ ነው፣ ከዚያ ካለፈ አገሩ ኪት ይቀይር ነው የሚለው። ወሎን አላጠኑም፣ ይህን በግልጽ ልበል። ግን ወባ ኬላ አይፈተሽም። ሰሊጥ አጨዳ ሁመራና መተማ ወርዶ የሚመለሰው የእኛ ልጅ ነው፣ ይዞት የሚመጣውም ወደዚሁ ነው።

ከዚያ ጥናት በጣም የገረመኝ የጂኑ ጉዳይ የሄደበት መንገድ ነው። የኤች አር ፒ 3 መጥፋት የቆየ ነው፣ በተለያየ ጊዜ በተለያየ ቦታ የተፈጠረ። የኤች አር ፒ 2 መጥፋት ግን የቅርብ ጊዜ ነው፣ ከአንድ ምንጭ ተነስቶ በፍጥነት የተስፋፋ። ለምን ፈጠነ? ምርመራና ሕክምናው ራሱ መንገድ ጠረገለት። አራሚ የምታውቀውን አረም ትነቅላለች፣ ስንዴ የሚመስለውን እንክርዳድ ትታው ታልፋለች፣ በዓመቱ ማሳው ላይ የሚበዛው እንክርዳዱ ነው። ኪቱ ያየው ወባ ኮርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ይሞታል። ያላየው ሳይታከም ሰውየው ደም ውስጥ ይቆያል፣ ትንኝ ትቀዳዋለች፣ ለቀጣዩ ሰው ታደርሰዋለች። እኛ ኔጌቲቭ ብለን በሸኘን ቁጥር የማይታየውን እየመረጥን እናራባለን ማለት ነው።

አንድ ልጅ ልጥቀስ። ከባቲ ማዶ ቆላ ወርዶ ቀን ሥራ ሲሠራ የቆየ ጎልማሳ ነው፣ ወንድሙ ደግፎት መጣ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቦታ በኪት ተመርምሮ ኔጌቲቭ ተብሏል፣ ታይፎይድ ነው ተብሎ የታዘዘለት ክኒን ገና ኪሱ ውስጥ ነበር። (ወባ ካልሆነ ታይፎይድ ነው ማለት አገር ምድሩ የለመደው ነገር ነው፣ እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይወጣዋል።) ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ብርድ ብርድ እያለው ጋቢ ደርቦ ያልበዋል። ብለድ ፊልም ሠራሁለት። ደሙን ስላይድ ላይ አወፍሬ አደረቅሁ፣ ጂምሳ የሚባለውን ቀለም ቀባሁት። መብራት ሄዶ ስለነበር ማይክሮስኮፑን መስኮት ሥር አድርጌ በመስታወቱ የፀሐይ ብርሃን ያዝኩለት። ኢመርሽን ኦይል ጠብ አድርጌ ገና መቃኘት ስጀምር ቀለበቶቹ ታዩኝ። ሰማያዊ ቀጭን ክብ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ነጥብ። አለፍ ሲልም የፋልሲፓረም መለያ የሆነው ማጭድ የመሰለው ቅርጽ። ሕክምና ጀመረ፣ ዳነ።

ይህ ልጅ የያዘው ወባ ጂኑ የጠፋበት ነው ብዬ አልምልም። ያንን የሚያረጋግጠው ፒሲአር የሚባለው የጂን ምርመራ ነው፣ እኔ ጋ የለም። ኪቱ በቆላ ሙቀት ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፣ በመጀመሪያው ቀን ደሙ ውስጥ ያለው ተውሳክ ጥቂት ሆኖም ሊሆን ይችላል። ለበሽተኛው ግን ምክንያቱ ለውጥ የለውም። ትኩሳቱ ካልለቀቀው ኔጌቲቭ የተባለበት ወረቀት መጨረሻው መሆን አልነበረበትም። ኬላ ላይ ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችንንም አልወቅስም፣ ኪቱ ያላሳያቸውን ከየት ያምጡት?

አሁን ደግሞ በሌላው ወገን እንዳትስቱ እፈራለሁ። ይህን ያነበበ ሰው ኪት ዋጋ የለውም ብሎ ፋርማሲ ሄዶ ኮርተም ገዝቶ እንዳይውጥ። በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ኬ 13 በሚባለው ጂን ላይ 622 አይ የሚል ለውጥ ያለባቸው ተውሳኮች በናሙናዎቹ 8 በመቶ አካባቢ እንደሚገኙ አሳይቷል። ይህ ለውጥ አርቴሚሲኒን ተውሳኩን ቶሎ እንዳይገድለው ከማድረግ ጋር የተያያዘ ነው፣ ኮርተም ውስጥ ያለው ዋናው መድኃኒት ደግሞ የአርቴሚሲኒን ዘር ነው። የባሰው፣ ከኪትም የሚሰወር ለመድኃኒትም የሚያስቸግር፣ ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ተውሳክ ተገኝቷል። ኮርተም ዛሬም ይሠራል። እንዲሠራ እንዲቆይ ከፈለግን ያለ ምርመራ አይዋጥ፣ የተጀመረም ሳያልቅ አይቋረጥ።

ከተማ ነን ብለን የምንዘናጋም አለን። ስቴፈንሲ የምትባለው ከእስያ የመጣች ትንኝ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች፣ ከዚያ በ2022 ድሬዳዋን ያመሰው ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ተያያዘ። የምትራባው በበርሜልና በሮቶ ውሃ ነው፣ ከተማ ይመቻታል። ባቲ ላይም ተገኝታለች። ባቲ ከእኛ ምን ያህል ትርቃለች? የጅቡቲ መኪና የሚያልፈው በእኛ ደጅ ነው፣ ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን በርሜል ያልሞላ ቤት ደግሞ ኮምቦልቻ ውስጥ አላውቅም። በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ አገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኛ መዝግባለች፣ ከ1,100 በላይ ሰው ሞቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ አንዲት የተሳሳተች ዓረፍተ ነገር ቀላል አይደለችም።

የምለምናችሁ ይህን ነው። መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሯን አርሙ፣ እርማቱንም ጽሑፉ በወጣበት ቦታ ላይ አውጡት፣ ጥግ ላይ አይደለም። በምትኩ ኔጌቲቭ ወጥቶ ትኩሳቱ ካልለቀቀ፣ በተለይ ሰውየው ቆላ ደርሶ የመጣ ከሆነ፣ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ብለድ ፊልም ወደሚሠራ ጤና ጣቢያ ይሂድ ብላችሁ ጻፉ። ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች አንድ ቀንም አትጠብቅ። ሁለተኛ፣ የኪቱ ማሸጊያ ላይ የሚፈልገው ፕሮቲን ተጽፏል፣ ፋልሲፓረምን በፒ ኤል ዲ ኤችም የሚለዩ ኪቶች አሉ። በደቡብ ወሎ ጤና ኬላዎች ዛሬ እየተሠራበት ያለው የትኛው እንደሆነ የሚመለከተውን ጠይቃችሁ መልሱን አስነብቡን፣ ይህ የጋዜጠኛ ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ ያን ጥናት የሠሩትን ሰዎች አነጋግሩ። ጣቱን ሰጥቶ ደሙን ያስቀዳው ገበሬ ውጤቱን በአማርኛ ማንበብ ይገባዋል። እስካሁን በብዛት ያለው በእንግሊዝኛ ነው፣ ስንቱ የጤና ባለሙያ እንኳ አላየውም።

ጽሑፉን ስታዘጋጁ የላብራቶሪውን ክፍል የሚያይላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ፣ ስልኬ እናንተ ጋ አለ። መስከረም ሳይጠባ ቢወጣ ደስ ይለኛል፣ የቆላው ሰው ንዳድ የሚበዛበት ከዚያ በኋላ ነውና።

አክባሪያችሁ፣
የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ከኮምቦልቻ