ኮሌጅ ለሚገቡ ልጆች ወላጆች፦ ስለ ፋፍሳ
ውድ አባሎቻችን፣
ልጃችሁ አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ሊገባ ከሆነ አደራ፣ ፋፍሳ (FAFSA)፣ ማለትም የፌዴራል መንግሥት የተማሪዎች የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ፣ ሳትሞሉ እንዳትቀሩ። ቅጹ በነጻ ነው፤ «ልሙላላችሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ አትክፈሉ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም ቅጹን በኢንተርኔት ለመሙላት የሚያስፈልገውን አካውንት መክፈት ይችላል። «ገቢያችን አይፈቅድልንም» ብላችሁ አትተዉት፤ ብዙ ኮሌጆች የራሳቸውን እርዳታ የሚሰጡት ይህንኑ ቅጽ አይተው ነው። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል መንግሥት እርዳታ ለ2025–26 የትምህርት ዘመን እስከ 7,395 ዶላር ይደርስ ነበር።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ስለ ገንዘብ እርዳታው ከኮሌጁ የሚመጣው ደብዳቤ ነው። ግራንት፣ ስኮላርሺፕና ብድር አንድ ላይ ተደርድረው ስለሚቀርቡ ድምሩ ሁሉ ስጦታ ይመስላል። «ሎን» (ብድር) የሚል ቃል ያለበት መስመር ግን ከነወለዱ የሚከፈል ዕዳ ነው። ቀንሶ መውሰድም ሆነ ጭራሽ አለመቀበል ይቻላል። ደብዳቤው ግልጽ ካልሆነላችሁ ሳትፈርሙ ይዛችሁልን ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።