ወንዱን ከሴቷ ለመለየት 14 ቀን አያስፈልግም፦ ለእንስሳት ማቆያው ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክተን፣ ሁለት ጊዜም በአካል ቀርበን «ጉዳያችሁ እየታየ ነው» ከሚል ቃል በቀር ምላሽ ስላላገኘን ነው። እኛ የተጣሉ ጊኒ ፒጎችን (ከአይጥ ወገን የሆኑ ትንንሽ ለማዳ የቤት እንስሳትን) ተቀብለን፣ አሳክመን፣ ቋሚ አሳዳጊ እስኪያገኙ ድረስ በየቤታችን የምናቆይ በጎ ፈቃደኞች ነን። ከመሥሪያ ቤትዎ የጠየቅነው ገንዘብም ቦታም አይደለም፤ እንስሳቱ በገቡበት ቀን ስልክ እንዲደወልልን ብቻ ነው።

አሠራራችንን ያውቁታል፤ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጋር በዝርዝር አያይዘነው ነበር። መኪና ያለው ያመላልሳል፣ ትርፍ ክፍል ያላት አዲስ የገቡትን ለብቻ ታቆያለች፣ ሌላው የሐኪም ቀጠሮ ይይዛል፣ ሌላዋ እንስሳቱን በየሳምንቱ እየመዘነች ትመዘግባለች። ጊኒ ፒግ ሕመሙን ስለሚደብቅ መታመሙን ከዓይን ቀድሞ የሚናገረው ሚዛን ነው። ለአሳዳጊ የምንሰጠውም ቢያንስ ሁለት ሁለት አድርገን ነው፤ ብቻውን እንዲኖር የተፈጠረ እንስሳ አይደለምና። ስዊዘርላንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ ጊኒ ፒግን ለብቻው ማኖርን በሕግ የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ ተበደልንበት ጉዳይ ልግባ። በፕላስተር የታሸገ ካርቶን በራፋችሁ ላይ ተጥሎ ተገኘ፤ ውስጡ 11 ጊኒ ፒጎች ነበሩ። በዚያው ቀን ሰምተን ድርቆሽና ማጓጓዣ ሳጥን ይዘን መጣን። ባለቤት ይመጣ እንደሆነ 14 ቀን መጠበቅ ግዴታ መሆኑ ተነገረን። ደንቡን አልተቃወምንም፤ ባለቤት የሚፈልገው እንስሳ ለሌላ መሰጠት እንደሌለበት እኛም እናምናለን። የለመንነው አንድ ነገር ነው፦ እስከዚያ ድረስ ወንዶቹ ከሴቶቹ ተለይተው ይቀመጡ። ጾታ የሚለይ ባለሙያ እንደሌላችሁ ሲነገረን፣ ሠራተኞቻችሁ እያዩን እኛው ለይተን እንድንሄድ ጠየቅን። ለ11 እንስሳት ግማሽ ሰዓት ይበቃ ነበር። አልተፈቀደልንም።

በ14ኛው ቀን ስንረከባቸው 4 ወንዶችና 7 ሴቶች ወለሉ ሽቦ በሆነ አንድ ሳጥን ውስጥ ተፋፍገው አገኘናቸው። የእግራቸው መዳፍ ቆስሏል። የጥራጥሬ መኖ ተቀምጦላቸዋል፤ ድርቆሽ ግን አንድ ጭብጥ እንኳ አልነበረም። ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ለሚያድግና አንጀቱ ያለ ድርቆሽ በአግባቡ ለማይሠራ እንስሳ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንኛውም የእንስሳት ሐኪም ሊነግርዎ ይችላል። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን በሰውነቱ ውስጥ ማምረት ስለማይችል ከሚበላው ካላገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ መጎዳት ይጀምራል፤ ሦስቱ መገጣጠሚያቸው ሲነካ ይጮሁ ነበር። የመረከቢያው ቅጽ ግን «11 ጤነኛ እንስሳት» ይላል። ካልፈረማችሁ አትወስዱም ተባልን። የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ያ ፊርማ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወንዶቹን በዚያችው ሰዓት ለየናቸው፤ ነገር ግን ረፍዶ ነበር። አምስት ሴቶች ተከታትለው 14 ግልገሎች ወለዱ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ካርቶኑ ውስጥ ሳሉ አርግዘው እንደነበር አልክድም። ስለ ስድስተኛዋ ግን ጥርጣሬ የለኝም። ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ቡናማ ነበረች፤ ምጥ የያዛት ካርቶኑ በተገኘ በ76ኛው ቀን ነው። የጊኒ ፒግ እርግዝና ከ59 እስከ 72 ቀን ቢቆይ ነው። እባክዎ ይቁጠሩት፤ ይህች እንስሳ ያረገዘችው በእናንተ ሳጥን ውስጥ፣ ልየታው ከተከለከለ በኋላ ነው።

ሐኪሙ እንደነገረን ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ከዚያ በፊትም ወልዳ አታውቅም። ሴት ጊኒ ፒግ እስከ 7 ወር ገደማ ካልወለደች የዳሌዋ አጥንት መጋጠሚያ ስለሚጠነክር፣ ከዚያ በኋላ የምታረግዘው እርግዝና ለሞት ያሰጋታል። ሌሊቱን በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጫት አደርኩ። ሌላ ጊዜ የፕላስቲክ ከረጢት ኮሽታ ስትሰማ ከሁሉ ቀድማ የምትጮኸው እሷ ነበረች፤ ያን ሌሊት አንዲት የድርቆሽ ዘንግ አፏ ላይ ባስጠጋላት አላኘከችውም። ማለዳ በቀዶ ሕክምና ሁለት የሞቱ ግልገሎች ወጡላት፤ እሷም ከሁለት ሰዓት በላይ አልቆየችም።

በመሥሪያ ቤትዎ መመሪያ ላይ፣ የሚገቡ እንስሳት «እንደየዝርያቸው ባሕርይ» ይያዛሉ የሚል አንቀጽ አለ። ማቆያው አቅም ሲያንሰው በአደራ ለሌላ ማስያዝ እንደሚችል የሚፈቅድ አንቀጽም አለ። ሁለቱንም ከእኔ በተሻለ ያውቋቸዋል። 14ቱ ቀን እኛ ቤት ቢቆጠር የባለቤቱ መብት በምንም አይነካም፤ ባለቤት ከመጣ ይዘን እንቀርባለን። ይህን በሦስቱም ደብዳቤዎቻችን ጽፈናል፤ በሦስቱም ላይ የገቢ ማህተም አለ፤ ከማህተሙ ሌላ አንድ መስመር መልስ ግን የለም። በ11 እንስሳት የተጀመረው ሥራ 24 ሆኖ ቤታችን ሞላ፤ በዚህም ምክንያት በዚያ ሰሞን ከሌሎች ሰዎች የቀረቡልንን ሁለት ጥያቄዎች ቦታ የለንም ብለን መመለስ ነበረብን። ይህ ሁሉ የግማሽ ሰዓት ልየታ ዋጋ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ካርቶን ገብቷል። ዛሬ አምስተኛ ቀናቸውን የያዙ 6 ጊኒ ፒጎች ማቆያችሁ ውስጥ እንዳሉና አንዷ ሆዷ ወደ ሁለቱም ጎን ተወጥሮ እንደሚታይ እናውቃለን። ከወለደች በሰዓታት ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች፤ ወንድ አብሯት ካለ ታረግዛለች። ነገ ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት ሁለት ሳጥን፣ ድርቆሽና ሚዛን ይዘን በራፍዎ ላይ እንገኛለን። መዝገቡ ላይ የሚያስፈልገውን ሁሉ እንፈርማለን፤ «ጤነኛ» በሚለው ቃል ሥር ግን እያንዳንዳቸውን መዝነንና አይተን ሳንጨርስ አንፈርምም። በሩ እንዲከፈትልን ዛሬውኑ ለጥበቃዎቹ እንዲያሳውቁልን እጠይቃለሁ።