መንገድ መሪዎቹ የላባቸውን ያግኙ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከባለቤቴ ጋር ቦርሳችንን አዝለን ሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ሊባኖስ ሄደን ነበር። ክረምቱ እንደወጣ ውሃው የፖርቹጋል ድልድይ በሚባለው ሥር አልፎ ገደል ይገባል። ሲያዩት ደስ ይላል፤ ጠርዙ ግን በጣም ያዳልጣል። መንገድ የመራን የአካባቢው ልጅ ነው። «እህቴ፣ አረንጓዴ የለበሰውን ድንጋይ እንዳትረግጪ፤ ሣር ሣሩን ነይ» እያለ በዱላው መሬቱን ነካ ነካ ያደርግላታል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሲጠጉም ዳቧችንን ቶሎ አስከተተን።

አንዳንዱ ጎብኚ ግን ልጆቹን ግማሽ ቀን አስከትሎ የሻይ ብቻ ሰጥቶ ይሄዳል። ይሄ ያንገበግበኛል። የሰው ነፍስ እየጠበቁ እኮ ነው! ክፍያው ተወስኖ መግቢያው ላይ በጉልህ ይለጠፍ። ገደሉ አፍ ላይም አጥር ቢጤ ይሠራ። እባካችሁ፣ የሚመለከታቸውን ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ