ምጽዋ ላይ የቀሩት ሣጥኖች

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ከደብረ ታቦር የላክህልኝን ደብዳቤ ሳልመልስ የቀረሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብልህ አታምነኝም፤ እውነቱን ለመናገር አኩርፌህ ነበር። ረቂቄን አንብበህ «ይህ ለቴዎድሮስ ተዝካር ማውጣት ነው እንጂ ልብ ወለድ አይባልም» ማለትህ ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ነበር። አሁን ሥራውን ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቼ እንደገና እየጻፍሁት ስለሆነ፣ ልክ እንደነበርህ ሳልነግርህ መቀጠል አልቻልሁም።

እንደምታስታውሰው በፊተኛው ረቂቅ ባለታሪኬ በእንፋሎት በሚሠራ የዘመን መኪና ወደ ለንደን ሄዶ፣ ንጉሡ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉትንና መልስ ያጣውን ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት አውጥቶ ለንግሥቲቱ ያደርስ ነበር። ያኔ የእንግሊዙ ቆንስል አይታሰርም፣ እስረኞቹን ለማስፈታት የሚዘምተው የእንግሊዙ የናፒየር ጦርም አይመጣም። አንተ ግን ንጉሡ መድፍ ያሠሩባትን የጋፋትን መንደር አስበህ በኅዳጉ ላይ አንዲት መስመር ብቻ ጻፍህ፤ «መልሱስ ይምጣ፤ ጋፋት ላይ መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው?» የምትል።

የእኔም ሥራ የሚመደብበት፣ ስቲምፓንክ የሚባለው የልብ ወለድ ዓይነት ስሙን ያገኘው በ1987 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ ደራሲ ለመጽሔት ከጻፈው ደብዳቤ ነው። እንፋሎት ለነዳጅና ለኤሌክትሪክ ቦታውን ሳይለቅ ቢቀር ኖሮ ያለፈው ዘመን ምን ይመስል ነበር ብሎ የሚጠይቅ ጽሑፍ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ቦታው የቪክቶሪያ ዘመን ለንደን ነው። እኔ ግን እንግዳ ነገር አድርጌ አላየውም። ባቡር የምንለው ቃል ራሱ በዐረብኛ በኩል አልፎ የመጣ የጣልያኖች «ቫፖሬ» ነው፤ ትርጉሙም እንፋሎት። አያቶቻችን በሐዲድ የሚሄደውን የምድር ባቡር ሲሉ፣ ወፍጮውንም፣ አርመናዊው ሰርኪስ ለምኒልክ ያስመጣውን የመንገድ መዳመጫም በዚያው ስም ጠርተውታል።

በአዲሱ ረቂቅ ታሪኩ የሚታጠፈው ለንደን ሳይሆን ምጽዋ ላይ ነው። በ1859 ዓ.ም. እንግሊዞች ንጉሡ የጠየቋቸውን የእጅ ባለሙያዎች ከነመሣሪያቸው እስከ ምጽዋ አድርሰው ነበር። ንጉሡ «ባለሙያዎቹ ይምጡልኝና እስረኞቹን እለቃለሁ» አሉ፤ እንግሊዞቹ «መጀመሪያ እስረኞቹ ይለቀቁ» አሉ፤ በዚህ መካከል ሣጥኖቹ ወራት በሙቀቱ ከርመው ወደ መጡበት ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ በምጽዋ አጠገብ ዙላ ላይ የወረደው የናፒየር ጦር ከህንድ ዝሆን አስመጣ፣ መርከቦቹ የባሕሩን ውኃ እያፈሉ ከእንፋሎቱ የሚጠጣ ውኃ አወጡ፣ ወደ 18 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሐዲድም ዘረጋ፤ ዘመቻው ሲያበቃ ደግሞ ነቅሎ ወሰደው። ንጉሡ የለመኑት እንፋሎት መጣ፤ የመጣው ግን በእሳቸው ላይ ነው። እሳቸው በዚያው ሰሞን 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ተራራውን እየናዱ መንገድ እያወጡ ወራት ፈጅተዋል።

ባለታሪኬም ተለውጧል። አሁን ተጓዧ የዝና ናት፤ ጋፋት ውስጥ ለአባቷ ወናፍ የምትነፋ የቀጥቃጭ ልጅ። መቅደላ በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ፣ ከተሰበረ መድፍ ነሐስ ተሠርቶ የቀረውን መኪና አስነሥታ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ትሄዳለች። መኪናውን ውብ አድርጌ መሣል አልፈለግሁም። የማፍያው ጋን ክዳን በሞራ በታሸ የበሬ ቆዳ ታሽጓል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ሞራው ይቀልጥና እንፋሎቱ በጎን ያፏጫል፣ እሷም በእርጥብ ጨርቅ ይዛ ክዳኑን በመዶሻ ታጠብቀዋለች። ክንዷ ላይ የቀረው የቃጠሎ ጠባሳ ከየትኛው ዘመን እንደመጣች የሚያስታውሳት ምልክት ነው፤ በዚህ እንኳ ትስቅብኛለህ ብዬ እፈራለሁ።

ያስቸገረኝ ግን መኪናው አይደለም። የዝና ምጽዋ ደርሳ ሣጥኖቹን ጋፋት ብታስገባ፣ ያን ብረት የሚገጥመው ሠፈሩ ሁሉ «ጠይብ» እያለ የሚሸሸው፣ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል ተብሎ የሚታማው ሰው ነው። አንባቢ በዘመን መካከል የሚጓዝ ጋን ያለ ጥያቄ ይቀበለኛል፤ ቀጥቃጩ አባቷ ከመኳንንቱ ጋር በአንድ መሶብ ሲቆርስ ግን «ይህስ አይሆንም» እንደሚለኝ እርግጠኛ ነኝ። ስለዚህ መጽሐፉን ያንን መሶብ ማዕከል አድርጌ እየሠራሁት ነው። ንጉሡ የሚታዩት በአንድ ምዕራፍ ብቻ ነው፤ እሱም ከጀርባቸው።

ሦስቱን የመጀመሪያ ምዕራፎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፤ እንደ ልማድህ በቀይ እስክሪብቶ ግደላቸው። አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግርህ፤ ወደ ጋፋት ብቅ ስትል በበጋው መጨረሻ እዚያ ምን ያህል ውኃ እንደሚገኝ አይተህ ጻፍልኝ። የየዝና ጋን በየጉዞው አሥር እንስራ ይጠጣል፤ በሚያዝያ ያን ያህል የሚቀዳ ከሌለ ምዕራፍ አራትን ወደ ክረምት ማዛወር አለብኝ።

ናፋቂ ወንድምህ