ምኑ ነው ካንትሪ? ለአባባ የዘገየ መልስ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ትንሽ ተሻለዎት? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው እሑድ በስልክ የጠየቁኝ ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ አብሮኝ ሰነበተ። የልጅ ልጅዎ አዲስ ዘፈን አሰምቶ «ካንትሪ ነው» ቢልዎት፣ «እኔ የማውቀው የጂም ሪቭስን ነው፤ የዚህ ምኑ ነው ካንትሪ?» አሉኝ። ካንትሪ የሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ከተማ በምትባለው ናሽቪል ዘጠኝ ዓመት ኖሬ አጥጋቢ መልስ ሳልሰጥዎት ስልኩን መዝጋቴ ከነከነኝ። ዓይንዎ ካስቸገረዎት እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎት። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በክረምት ትምህርት ሲዘጋ ወደ አሰብ ይዘውኝ ሲወርዱ፣ ከባቲ ቁልቁል ወደ ሚሌ ስንነዳ የካንትሪ ካሴቱን ያስገቡና ስለ ዘፋኙ «ይህ ሰው ከቤቱ ርቋል» ይሉኝ ነበር። እንግሊዝኛውን አይሰሙትም። አድጌ ግጥሞቹን ስረዳ ግን ብዙ ጊዜ ልክ እንደነበሩ አየሁ። በምን አወቁት? ስለ ካንትሪ ባሰብኩ ቁጥር የምመለሰው ወደዚህ ነው።

መጀመሪያ በካንትሪ ዘፈን ውስጥ ስለሚያለቅሰው ክር ልንገርዎት። ስቲል ጊታር ይባላል። እዚህ መሃል ከተማ በአንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ከተጫዋቹ አጠገብ ቆሜ አይቼዋለሁ። እንደ ጠረጴዛ እግር አለው፤ ክሮቹ ወደ ላይ ተጋድመዋል። ሰውየው በግራ እጁ የብረት ዘንግ በክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፣ በቀኙ ይመታል፣ በእግሩ ፔዳል ይረግጣል፣ በጉልበቱ ደግሞ ማንሻ ይገፋል። በብረት ማንሸራተቱ ከሃዋይ የመጣ ነው። ፔዳሉን በካንትሪ ዘፈን ያሰማው ባድ አይዛክስ ሲሆን፣ በ1954 በወጣ የዘፋኙ ዌብ ፒርስ ዘፈን ላይ ሌሎቹ ክሮች ባሉበት እየጮሁ አንዳንዶቹን ብቻ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ሳባቸው። ከዚያ ወዲህ ተጫዋቹ ሁሉ ያንን ስበት ፈለገ። ማሲንቆ መቺ ጣቱን በክሩ ላይ እየጎተተ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ሆድ የሚያባባውን ያውቁታል። የዚህኛውም ሥራ ይኸው ነው።

ዜማውም ለጆሮዎ ባዕድ አልነበረም። በምሥራቅ አሜሪካ ካሉት የአፓላችያ ተራሮች የመጡት ብዙዎቹ የድሮ ዜማዎች በአምስት ድምፆች የተሠሩ ናቸው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። የሙሉው ትዝታ ቅኝት ድምፆችም እነዚሁ አምስቱ ናቸው! ዝምድና አለን ማለቴ አይደለም፤ ጆሮዎ ግን ቤቱን አውቆት ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ላርምልዎት። «የነጮች ዘፈን» ይሉት ነበር። ባንጆ የሚባለው የክር መሣሪያ በባርነት የመጡ አፍሪካውያን ከምዕራብ አፍሪካ ይዘውት የመጡት እውቀት ነው። ከካንትሪ ታላላቆች አንዱ የሆነው ሃንክ ዊሊያምስ በልጅነቱ ጊታር የተማረው በአላባማ ጎዳናዎች ላይ ይጫወት ከነበረው ሩፈስ ፔይን ከተባለ ጥቁር ሙዚቀኛ ነው። በ1925 በተጀመረው የናሽቪሉ ዝነኛ የሬዲዮ ዝግጅት ከመጀመሪያዎቹ ኮከቦች አንዱ፣ ሃርሞኒካ ተጫዋቹ ዲፎርድ ቤይሊ፣ ጥቁር ነበር። ይህን ሳነብ ከእርስዎ ጋር አብሬ ባነበብኩት ብዬ ተመኘሁ።

ታዲያ ስቲል ጊታርና ባንጆ ካለ ካንትሪ ነው? እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤን ያፈረሰው የእርስዎው ጂም ሪቭስ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የናሽቪል አዘጋጆች የገጠሩን ቫዮሊንና ስቲል ጊታር ወደ ኋላ ገፉና ለስላሳ ፒያኖና አጃቢ ድምፆች አስገቡ። ጂም ሪቭስ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለአንድ ሰው እንደሚናገር ዘፈነ። ሬይ ቻርልስ ደግሞ በ1962 የካንትሪ ዘፈኖችን ወስዶ በትልቅ ኦርኬስትራ ሲዘፍናቸው ድምፁ ሌላ ሆነ፣ ዘፈኖቹ ግን ያው ካንትሪ ነበሩ። ስለዚህ የካንትሪ ድምፅ አንድ ነገር ነው፣ የካንትሪ ዘፈን ሌላ።

ዘፈኑን የካንትሪ ዘፈን የሚያደርገው፣ በእኔ አስተያየት፣ ቦታ ያለው ሰው ነው። ከየት እንደመጣ፣ ማንን ጥሎ እንደሄደ፣ ምን እንዳጠፋ በተራ ቃል ይናገራል። ሙዚቃው ቦታውን ይለቅለታል፤ ለብዙዎቹ ዘፈኖች ሦስት ኮርድ፣ ማለት አብረው የሚመቱ ድምፆች ሦስት ስብስብ፣ ይበቃል። የናሽቪል ሙዚቀኞች ኮርዶቹን በድምፆቹ ተራ ቁጥር፣ 1፣ 4፣ 5 ብለው፣ በወረቀት ላይ ይጽፏቸዋል፤ ዘፋኙ ድምፁ ከፍ ወይም ዝቅ ይበልልኝ ቢል ቁጥሩ አይለወጥም።

የልጁን ዘፈን ደጋግሜ ሰማሁት። ባንጆው አለ፣ ስቲል ጊታሩም አለ፤ ድምፁ ካንትሪ ነው፣ ልጁ አልተሳሳተም። ነገር ግን በውስጡ ከቤቱ የራቀ ሰው ፈልጌ አጣሁ። እርስዎም ያጡት እሱን ይመስለኛል።

በአልጋው ሥር ያሉትን ካሴቶች ማንም እንዳይጥላቸው አደራ። በመጪው ወር ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ስቲል ጊታር በደንብ የሚሰማበት ሲዲ እልክልዎታለሁ። ሁለተኛውን ዘፈን ይስሙና ክሩ የቱ ጋ ወደ ላይ እንደሚሳብ እሑድ ይንገሩኝ።

ልጅዎ